ክርክር፦ ደራሲ ተከታታይ መጽሐፉን እንዳሻው መጨረስ ይችላል?

አስተባባሪዋ፦ የዛሬውን ክርክር ያስነሳችው አንዲት የ16 ዓመት አንባቢ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትከታተለው የኖረችው ባለ አምስት ቅጽ ልብ ወለድ በቅርቡ አልቋል። አጨራረሱ ክፉኛ አስከፍቷታል። ጥያቄዋ ይሄ ነው፦ አንባቢን ለዓመታት ያስከተለ ደራሲ ታሪኩን እንዳሻው መዝጋት ይችላል ወይስ ግዴታ አለበት? ገና እያነበቡት ያሉ ስላሉ የመጽሐፉን ስም አንጠራም። ስለ ሌሎች የታወቁ መጻሕፍት ግን እስከ መጨረሻቸው እናወራለን፤ ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ። ስድብ ክልክል ነው። ደራሲውንም መሳደብ አይቻልም።

አንባቢዋ፦ ታሪኩን ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ትፈልጋለች። መጽሐፉ የሚጀምረው ወንድሟ በጠፋበት ሌሊት ነው። አራት ቅጽ ሙሉ የምትኖረው ለሱ ነው። ትታሰራለች፣ ትዋሻለች፣ የቅርብ ጓደኛዋን ታጣለች። አምስተኛው ቅጽ ላይ አንድ መንገደኛ ወንድሟ መሞቱን ይነግራታል። በሁለት አንቀጽ! እንዴት ሞተ? አይታወቅም። ለምን ጠፋ? አይታወቅም። ገጹን ስገልጥ "ከሃያ ዓመት በኋላ" ይላል። አግብታለች፣ ወልዳለች። ወንድሟን በስሙ እንኳ አታነሳውም። በቃ፣ አለቀ።

ያዘንኩት ስለሞተ አይደለም። እሱን ፍለጋ አብሬያት ስንከራተት ኖሬ፣ ደራሲው ግን ፍለጋውን ራሱ የረሳው መሰለኝ።

ጀማሪ ደራሲ፦ ስሜትሽን አከብራለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። መጽሐፍ ስትገዢ የገዛሽው የታተመውን ነው። የሚቀጥለው ቅጽ ውስጥ ምን እንደሚኖር ማንም ውል አልገባልሽም። አንባቢ ስለወደደ ብቻ ባለመብት ይሆናል ካልን፣ ነገ ደራሲ ከመጻፉ በፊት ድምፅ ሊያሰጥ ነው።

አርተር ኮናን ዶይልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን መርማሪ ገጸ ባሕርይ ሼርሎክ ሆምስን ከጠላቱ ጋር ፏፏቴ ውስጥ ከቶ ገደለው። ሰልችቶት ነበር። ከሆምስ ይበልጥ የሚኮራባቸውን ታሪካዊ ልብ ወለዶች መጻፍ ፈልጓል። እናቱ እንኳ ቀደም ብላ አትግደለው ብላው ነበር። አንባቢው ተቆጣ፣ ደብዳቤ ጎረፈ። በ1903 መልሶ አስነሳው። እኔ ኋላ የመጡትን ታሪኮች ሳነብ የመጀመሪያዎቹን እሳት አላገኝባቸውም። ፀሐፊው ልቡ የሌለበት ታሪክ ለማን ይጠቅማል?

አንባቢዋ፦ እኔ ወንድሟ ከሞት ይነሳ አላልኩም። ሞቶም ይቅር። የምጠይቀው ለምን እንደጠፋ ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። የመጀመሪያው ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጠየቀኝ ራሱ ደራሲው ነው። አራቱንም ቅጾች የዘጋቸው በዚሁ ጥያቄ ነው። "ውል አልገባልሽም" ትላለህ። በየቅጹ ማለቂያ ላይ "ይቀጥላል" ብሎ የጻፈልኝስ? ምኑ ነበር የሚቀጥለው?

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ ልጅቷ ነጥቡን ይዛዋለች። ስለ ሆምስ የተነሳውም እሷን የሚያግዝ ይመስለኛል። ዶይል ሆምስን ሲመልሰው ዝም ብሎ በር አንኳኩቶ እንዲገባ አላደረገውም። ከፏፏቴው እንዴት እንደተረፈ፣ ጠፍቶ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት የት እንደነበረ፣ ለምን እንደተደበቀ ቁጭ አድርጎ ለወዳጁ ለዶክተር ዋትሰን እንዲነግር አደረገው። ማብራሪያው ጥሩ ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው። አንባቢ እንደሚጠይቀው ግን ዶይል አውቋል። የሰለቸው ደራሲ እንኳ ይህን ያህል ካሰበ፣ ያልሰለቸው ምን ሊል ነው?

አሳዛኝ መጨረሻ እና የተበላሸ መጨረሻ አንድ አይደሉም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን አስቡት። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ አንባቢን ሲያስለቅስ ኖሯል። በዛብህ ይሞታል። ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች፤ እሷም ትከተለዋለች። ጉዱ ካሣም እዚያው መቃብር ይገባል። ከዚህ የባሰ ምን አለ? ግን "ሀዲስ ዓለማየሁ ከዱኝ" የሚል አንባቢ አላጋጠመኝም። መጽሐፉ ከሽፋኑ ጀምሮ ወዴት እንደሚወስደን ነግሮናል። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የዘር ቆጠራው፣ የአዛውንቶቹ ግትርነት፣ ሁሉም ገጽ በገጽ ወደዚያ መቃብር ይገፉናል። ስንደርስ እንባችን ይመጣል፤ አልተታለልንም ግን።

የማታ አንባቢ፦ እኔ ያንን አምስተኛ ቅጽ ያነበብኩ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። ወድጄዋለሁ። አዎ፣ ወድጄዋለሁ! ስንት ሰው ነው በእውነተኛው ዓለም ዘመዱ ጠፍቶበት ወሬው ሳይሰማ የሚቀረው? ማን መጥቶ ያብራራለታል? ደራሲው ሁሉን ነገር አስተካክሎ ቢነግረን ውሸት ይሆን ነበር። ሁለት አንቀጽ መሆኑ ራሱ ነው ልቤን የነካኝ። መርዶ እኮ አጭር ነው።

አንባቢዋ፦ "መርዶ አጭር ነው" ያልከውን ተቀብያለሁ። እውነት ነው። ግን ከመርዶ በኋላ ሰው ምን ይሆናል? እሱ የት አለ? መልስ ሳያገኙ መኖር ከባድ ነው፤ ያንን ቢጽፈው ኖሮ አንዲት ቃል አልናገርም ነበር። ከልጆቿ አንዱን በስሙ ብትጠራው፣ ወይ በር በተንኳኳ ቁጥር ብትደነግጥ፣ ወይ "ስለሱ አናወራም" ብላ ባሏን ብትቆጣው እንኳ ይበቃኛል። እሱ ግን ሃያ ዓመቱን ዘለለው። ደስ ብሏት ትስቃለች። ያቺ ልጅ እሷ አይደለችም። እኔ አውቃታለሁ።

አንድ ታላቅ፦ እህቴ፣ ስታድጊ ይገባሻል። ለልብ ወለድ ይሄ ሁሉ? ሌላ መጽሐፍ አንብቢና እርሺው።

እናት፦ ይቅርታ አድርግልኝና ወንድሜ፣ ይሄን አባባል አልወደውም። ይህች ልጅ የመጽሐፉን አጀማመር ከአጨራረሱ ጋር አስተያይታ፣ ጉድለቱን በቦታው ጠቁማ፣ ቢሻሻል ምን ይመስል እንደነበር ሁሉ ተናግራለች። ትልልቅ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ሂስ እንላለን። ልጅ ስታደርገው ለምን ልጅነት ይሆናል? ደግሞስ ከልጅነት ወደ ወጣትነት አብሯት የዘለቀ መጽሐፍ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ስንት እንደሆነ ረስተኸዋል መሰለኝ። ገጸ ባሕርይዋ አብራት ያደገች ናት። እንዲህ ያለ ነገር ሲበላሽ መከፋት ጤና ነው። ባይከፋት ነበር እኔ የምሰጋው።

አስተባባሪዋ፦ እዚህ ላይ አስተባባሪነቴን ትቼ እንደ አንድ አንባቢ ልናገር። እናትየዋ ያሉትን አንድም ሳልቀንስ እደግፋለሁ። "ስታድጊ ይገባሻል" ማለት ክርክር አይደለም። አፍ ማስያዣ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ዳግም እንዳይነሳ እጠይቃለሁ።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አርታኢ ጠይቄ ነበር፤ መጥታለች።

አርታኢዋ፦ እስካሁን ያልተነሳውን ላንሳ። ተከታታይ መጽሐፍ እንዴት ይጻፋል? ብዙ ሰው ደራሲው ከመጀመሪያው ሁሉን አውቆ የጀመረ ይመስለዋል። የሚያውቁ አሉ። ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያውን ቅጽ ሲጽፉ ሁለተኛው ይታተም አይታተም እንኳ እርግጠኛ አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ የሚጥለው ጥያቄ መልስ ላይኖረው ይችላል። "እደርስበታለሁ" ብሎ ነው የሚያልፈው። ሦስተኛው ላይ አንባቢ ይበዛል፣ አሳታሚ ቀን ይቆርጣል፣ ቅጾቹም ይወፍራሉ። የታተመውን ደግሞ ተመልሰህ አታርመውም። አንድ ወጥ ልብ ወለድ ቢሆን መጨረሻው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትቀይራለህ። እዚህ አይቻልም። አንባቢ እጅ ገብቷል።

ደራሲውም ሰው ነው፣ ይለወጣል። አንደኛውን ቅጽ የጻፈው እና አምስተኛውን የጻፈው ሰው ሐሳባቸው ላይገጥም ይችላል። ይህን የምለው ለማሳበብ አይደለም። የምታነቡት ስህተት ብዙ ጊዜ ከንቀት ሳይሆን ከዚህ የሚመጣ መሆኑን እንድታውቁ ነው።

መጨረሻ በሰው ምክር መቀየሩም አዲስ ነገር አይደለም። ቻርልስ ዲከንስ "ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ"ን እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጨርስ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕ እና የሚወዳት ኤስቴላ መንገድ ላይ ለአፍታ ተገናኝተው ይለያዩ ነበር። ወዳጁ ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን ከኅትመት በፊት አንብቦ ቀይረው አለው። ዲከንስም የመገናኘት ተስፋ ያለበት አድርጎ ጻፈው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በኋላ ያወጣው የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጆን ፎርስተር ነው። የትኛው ይሻላል በሚለው አሁንም ይከራከራሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ጀማሪ ደራሲ፦ አየሽ? ምክር የሰማው ዲከንስ በራስሽ አፍ የተሻለውን አጣ።

አርታኢዋ፦ በኔ ምርጫ። ግን የሰማው የአንድ አንባቢን ምክር ነው፤ ያውም የሙያ ባልደረባው። የሕዝብ ጩኸት አልነበረም። ለእኔ ጥሩ ደራሲ ከኅትመት በፊት በደንብ የሚሰማ ነው። ከታተመ በኋላ መጽሐፉ መቆም ያለበት በራሱ እግር ነው።

እናት፦ የሉዊሳ ሜይ አልኮትን "ሊትል ውሜን" ልጨምር። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1868 ወጣ፣ ሁለተኛው በ1869። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጆ ናት፤ ሎሪ የሚባል ወጣት ጎረቤት አላት። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልጃገረዶች "ጆ ሎሪን ታግባልን" እያሉ ይጽፉላት ነበር። አልኮት ማንንም ለማስደሰት ብላ ልጅቷን ለሎሪ እንደማትድር በማስታወሻዋ ጽፋለች። ፍላጎቷ ጆ ሳታገባ ጸሐፊ ሆና እንድትቀር ነበር። መጨረሻ ላይ ለአንድ ጎልማሳ ፕሮፌሰር ዳረቻት። እኔ ልጅ ሆኜ ሳነበው ተናድጄ መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ። ዛሬም ጆ ብቻዋን ብትቀር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ደራሲዋ የራሷን መጨረሻ አልጻፈችም፣ የአንባቢዎቹንም አልጻፈችም። ይህ ለጀማሪ ደራሲው ክርክር ያግዛል፣ አውቃለሁ። እውነት ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

የማታ አንባቢ፦ እንግዲያው ቬሮኒካ ሮትንም አንርሳት። እ.ኤ.አ. በ2013 "አሊጂየንት" የተባለው የተከታታይ መጽሐፏ ሦስተኛ ቅጽ ሲወጣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሞተች። ስንት ወጣት ነው የተቆጣው! እኔ ግን ከመጽሐፉ መዋቅር ገብቶኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች በሷ አንደበት ብቻ የሚተረኩ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሁለተኛ ተራኪ ገባ። ለምን አስፈለገ? እሷ ስትሞት ታሪኩን የሚጨርስ ሰው ስለሚያስፈልግ። ምልክቱ አለ፣ አንባቢው ነው ያላየው። አንቺም ያላየሽው ምልክት ይኖር ይሆናል።

አንባቢዋ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብስጭቴ ሲበርድ አራቱንም ቅጾች እንደገና አንብቤያለሁ፤ ምልክት ፍለጋ። ወንድሟ እንደሚሞት ምልክት አለ፤ ሦስተኛው ቅጽ ላይ ኮቱን ስታገኝ ገብቶኛል። ለምን እንደጠፋ ግን አንድም ፍንጭ የለም። አባቷ አንድ ነገር የሚያውቅ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ሊነግራት ሲል ሰው ይገባባቸዋል። ከዚያ በኋላ አባትየው ዳግም አልተነሳም። ይሄን ምን ትለዋለህ?

የማታ አንባቢ፦ አባቷን ረስቼው ነበር። እሱ ላይ መልስ የለኝም። መርዶው ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።

ጀማሪ ደራሲ፦ እሺ፣ መጽሐፉ ጉድለት አለበት እንበል። ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትይው? እንደገና ይጻፍ? መልሱ ይሄ ከሆነ እስከ መጨረሻው እቃወምሻለሁ። ካልተመቸሽ ራስሽ ጻፊው። "አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን" የሚባለው የአድናቂዎች ድርሰት ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ለዚህ ነው። በ2019 ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ድርሰት የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት እስከማግኘት ደርሷል። አንባቢ የራሱን መጨረሻ የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ ደራሲውን ማስገደድ ለምን ያስፈልጋል?

አንባቢዋ፦ ይጻፍ አላልኩም። ማስገደድም አልፈልግም። ግዴታ አለበት ስል ፖሊስ ይላክበት ማለቴ አይደለም። ቃል ሰጥቶ ያልፈጸመ ሰው አይታሰርም፤ ግን "ቃልህን አልፈጸምክም" ይባላል። እኔም ይህን የማለት መብት ይኑረኝ ነው። "መብቱ ነው" እያላችሁ አፌን አትዝጉት። መብቱ መሆኑን አውቃለሁ። መብቱን ተጠቅሞ ደካማ መጽሐፍ ጽፏል።

ራሴ ብጽፈውም የኔ ግምት ነው የሚሆነው። ወንድሟ ለምን እንደጠፋ ማወቅ የፈለግኩት ከሱ ነበር።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አራቱ ቅጾችስ? አምስተኛው አበላሻቸው ወይስ እንደነበሩ ናቸው?

አንባቢዋ፦ መምህር፣ ያስቸገረኝ እሱ ነው። ሦስተኛውን አሁንም ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ እወደዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ሳነብ አባትየው ሲመጣ ይከፋኛል፤ የትም እንደማይደርስ አውቃለሁና። ታናሽ እህቴ አሁን አንደኛውን ጀምራለች። አራተኛው ላይ አቁሚ ልበላት ወይስ ልተዋት ብዬ ተቸግሬያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ ተዪያት። ራሷ ትፍረድ።

አርታኢዋ፦ እኔ ብሆን እነግራታለሁ። አራተኛው ላይ ማቆምም አንድ አነባበብ ነው።

እናት፦ አትንገሪያት የኔ ልጅ። እንዳንቺ የመናደድ መብት እሷም አላት።

አንባቢዋ፦ እሺ፣ አልነግራትም። አምስተኛውንም አልደብቅባትም። ስትጨርሰው ግን ስለ አባትየው መጀመሪያ የምጠይቃት እኔ ነኝ።