እህቴ የድባቴ መድሃኒት ጀምራ ለውጥ የለም፣ ምን ላርግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች፣ እህቴ ጭንቀትና ድባቴ ነው ተብላ ፍሉክሶቲን ከጀመረች 10 ቀን ሆናት ግን ምንም ለውጥ የለም፣ ጭራሽ ያቅለሸልሸኛል ትላለች እንቅልፍም የላት፣ እማዬ ደሞ ክኒኑን ትተሽ ጸበል ግቢ እያለቻት ነው፣ ጨንቆኛል በጣም

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ፣ 10 ቀን እኮ ገና ነው። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ማቅለሽለሹ መጀመሪያ ላይ ነው የሚበረታው፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር ትዋጠው። እኔ ሻል ሲለኝ በራሴ አቁሜ ተመልሶ ጣለኝ፣ ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠል አለባት፣ ሐኪሙ ሳይላት እንዳታቆም በናትሽ!!

ነርሷ፦ ጸበሉም ዱዓውም ከክኒኑ ጋር ይሄዳል፣ ለእማማ እንደዛ በያቸው። ጫት ትቅማለች እንዴ? ጫት እንቅልፍ ይነሳል ጭንቀትም ያባብሳል፣ ቡናውንም ማታ ማታ ይቅርባት። ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ካለ ጠይቁላት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል አለ። እና መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻዋን አትተዊያት፣ መሞት ምናምን ካነሳች ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዛው ቀን ውሰጃት።

ጠያቂዋ፦ ትቅማለች አዎ፣ ለሐኪሙም አልነገርነውም ነበር። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ተባረኩ