ጥቆማ፦ ለረጅም የሪአክት ፎርም ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኮደሯ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ለአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም የብድር ማመልከቻ ፎርም በሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) እየሠራሁ ነው። የተበዳሪው መረጃ አለ፣ ንግድ ፈቃድ አለ፣ ቲን አለ፣ ዋሶች አሉ፤ ዋስ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይከፈታል። የሚሞሉት ክፍለ ሀገር ያሉ የመስክ ሠራተኞች ናቸው፣ ስልካቸውም ደከም ያለ አንድሮይድ ነው። እስካሁን ሁሉንም በዩዝስቴት (የሪአክት የራሱ የመረጃ መያዣ) ነበር የያዝኩት፤ ፎርሙ ሲረዝም ግን አንድ ፊደል ተጽፎ ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ። ከፎርም ላይብረሪዎቹ ፎርሚክ ልግባ ወይስ ሪአክት ሁክ ፎርም? ሥራ ላይ ያዋላችሁትን ብቻ ንገሩኝ፣ ቲቶሪያል ጠግቤያለሁ።

ፒያሳ_ልጅ፦
ፎርሚክ። አለቀ። ከ2019 ጀምሮ እንጀራዬ ነው፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም።

ሰሚኮለን፦
ፒያሳ፣ ጥያቄውን ሳታነብ መለስክ። ልጅቷ ፎርሙ ዘገየብኝ ነው ያለችው። ፎርሚክ የሁሉንም ፊልድ ዋጋ በአንድ ስቴት ነው የሚይዘው፤ አንዱ ሲነካ ፎርሙ በሙሉ እንደገና ሬንደር ይሆናል፣ ማለትም ከሀ ጀምሮ ይሣላል። አሁን በዩዝስቴት ካለባት ችግር ብዙም አይርቅም። ሪአክት ሁክ ፎርም ግን ዋጋውን እዚያው ኢንፑቱ ጋ ትቶ በሬፍ (ወደ ኢንፑቱ በሚጠቁም ማጣቀሻ) ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ሰው ሲጽፍ ሪአክት አይረበሽም።

ፒያሳ_ልጅ፦
ፎርሚክ ውስጥ ይሄን ዳግም ሬንደር የሚቀንስ ፋስትፊልድ የሚባል ነገር አለ ወንድሜ። ዶክመንቱን አንብብ።

ሰሚኮለን፦
አንብቤዋለሁ። ዶክመንቱ ራሱ ካልቸገራችሁ አትንኩት ነው የሚለው።

ፒያሳ_ልጅ፦
እኔ ጋ ይሠራል።

ወረቀት_ይሻላል፦
ፎርም ስትሉ ደሜ ፈላ። ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ፣ ኦንላይን ሙላ ተባልኩ። የአባት ስም ላይ «ደሴ» ብዬ ስጽፍ ቀይ መስመር፤ «ቢያንስ 3 ፊደል ያስገቡ» ይላል። አባቴ ደሴ ነው፣ ሁለት ፊደል ነው፣ ምን ልጨምርለት? በእንግሊዝኛ ስጽፈው ደግሞ «እባክዎ በአማርኛ ይሙሉ» አለኝ። መጨረሻ ላይ «ደሴው» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ፒዲኤፍ ስጭን ፋይሉ ትልቅ ነው አለና ወደ ኋላ ስመለስ ገጹ ሁሉ ባዶ! ከሀ ጀምር። ድጋሚ ስሞላ ኔትወርክ ሄደ። ታክሲ ይዤ በአካል ሄድኩ፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ሲስተም የለም አለችኝ። እናንተ ላይብረሪ ምረጡ።

ሁለት_ፊደል፦
የእኔም ስም ሁለት ፊደል ነው ወንድሜ። ያቺን ቀይ መስመር በደንብ አውቃታለሁ።

ጎተራ፦
እኔ ወ/ሥላሴ ብዬ ስጽፍ «ልዩ ምልክት አይፈቀድም» ነው የሚለኝ። መቼም አያቴን ልዩ ምልክት ብሎ የጠራቸው የመጀመሪያው ሰው ይሄ ፎርም ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
የእናቴ ስም ወለተ ማርያም ነው። እዚህ አሜሪካ ፈርስት ኔም «ወለተ»፣ ላስት ኔም «ማርያም» ሆና ቀረች። አባቷ የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰሚኮለን፦
ይሄ ሁሉ የሚመጣው በላቲን ፊደል የተለመደውን ሕግ ቀድተው እንዳለ ስለሚለጥፉት ነው። ለሰው ስም ሪጄክስ (የትኛው ፊደል ይግባ የሚል ማጣሪያ) አትጻፉ። ዳርና ዳሩ ያለውን ክፍተት ትሪም አድርጉ፣ ባዶ አለመሆኑን እዩ፣ በቃ። የአማርኛው ክፍተትና እዝባር አለው፣ ኦሮምኛው በላቲን ሲጻፍ መሐሉ ላይ አፖስትሮፍ (') ሊገባ ይችላል። የቱን አስገብታችሁ የቱን ልትከለክሉ ነው?

ላራቬል_አባ፦
ቫሊዴሽኑን (የተሞላው ልክ መሆኑን ማጣራቱን) ሰርቨር ላይ ብትሠሩት ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። ላራቬል (የፒኤችፒ የሰርቨር ፍሬምዎርክ) ላይ አንድ መስመር ነው።

ቩ_ብቻ፦
ለቩ (የሪአክት ተፎካካሪ) ከሆነ ቪቫሊዴት አሪፍ ነው።

ኮደሯ፦
ሪአክት ነው ያልኩት እኮ።

ቩ_ብቻ፦
ከሆነ ነው ያልኩት።

ምን_ልታዘዝ፦
ጎበዝ፣ እሷ ሪአክት አለች፣ አንዱ ቩ፣ አንዱ ላራቬል፣ አንዱ የአባቱን ስም ይዞ መጣ። ኤክሴል ተጠቀሚ የሚል ሰው ብቻ ነው የቀረን።

ጎተራ፦
በነገራችን ላይ ኤክሴልም ዳታ ቫሊዴሽን አለው።

ማታ_ኮዲንግ፦
ኮደሯ፣ እነሱን ተያቸው። እንደዚህ ያለ ፎርም ሠርቻለሁ፣ ልዘርዝርልሽ። ሪአክት ሁክ ፎርም ከዞድ (የማጣሪያ ላይብረሪ) ጋር ያዢ። ሕጉን በዞድ ስኪማ ትጽፊያለሽ፣ ታይፕስክሪፕት ከሆነ ታይፑም ከዚያው ይወጣልሻል። ዋሶቹን በዩዝፊልድአሬይ (ረድፍ የሚጨምርና የሚቀንስ) አድርጊያቸው፣ ግን ኪይ (የረድፉ መለያ) ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም ተራ ቁጥሩን፣ እንዳትሰጪ፤ ራሱ የሚሰጥሽን አይዲ ተጠቀሚ። ኢንዴክስ ከሰጠሽው መሐል ያለውን ዋስ ስታጠፊ የእሱ ስልክ ቁጥር ከሥሩ ያለው ዋስ ላይ ቁጭ ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ፣ ብድር ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዎች የሚለውንም (የፊልድ ዋጋ ሲቀየር የሚከታተለውን) ላይኛው ኮምፖነንት (የገጹ ቁራጭ) ላይ አትጥሪው፣ የሸሸሽው መንቀራፈፍ ተመልሶ ይመጣል። ዩዝዎችን የሚያስፈልግበት ትንሹ ኮምፖነንት ውስጥ ክተቺው። የተዘጋጀ ሴሌክት ወይም ዴት ፒከር ካለሽ ሬጂስተር (ፊልዱን ከፎርሙ የሚያገናኘው) ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ኮንትሮለር ይፈልጋል፣ እሱ ላይ ትንሽ ይሰለቻል።

ሞዱን ኦንብለር አድርጊው፣ ሰውዬው ከሳጥኑ ሲወጣ እንዲፈተሽ። ሰውዬው ገና አንድ አሃዝ ሲነካ «ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ማለት ነገር ፍለጋ ነው። ስልክን ደግሞ ታይፕ ነምበር አታድርጊው፣ ቴል ነው፤ ወደ ቁጥር ከተቀየረ ፊት ያለው ዜሮ ይበላል። አንዱ 09 ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ +251 ብሎ፣ አንዱ በየመሐሉ ክፍተት እያደረገ። ሁሉንም ተቀበይና አንቺው አስተካክለሽ በ+251 አስቀምጪው። 07ንም አትርሺ፤ ሳፋሪኮም በፈረንጅ 2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 ብቻ የሚቀበል ፎርም ደንበኛ ማባረሪያ ነው። ቲንም 10 አሃዝ ነው ግን እንደ ጽሑፍ ያዢው፣ ማን ሊደምረው?

ኔትወርክ ለሚሄድበት ቦታ ድራፍቱን በየገጹ ሎካል ስቶሬጅ (የብሮውዘሩ የራሱ ማስቀመጫ) ላይ አኑሪ፣ ሲመለሱ በሪሴት ይሞላላቸዋል። ፋይል ግን እንዲህ አይመለስም፣ ብሮውዘሩ አይፈቅድም። ስለዚህ ፒዲኤፉ እንደተመረጠ ወዲያው ወደ ሰርቨር ይሂድ። ማመልከቻው ሲላክ ድራፍቱ ይጥፋ፣ ስልኩ የጋራ ሊሆን ይችላል፣ የሰው መረጃ ነው። ላራቬል አባም አልተሳሳተም፤ ሰርቨሩ ሁሉንም እንደገና ማየት አለበት። የሚመልሰውን ኢረር በሴትኢረር ከየፊልዱ ሥር ታሳያለሽ።

ወረቀት_ይሻላል፦
ይሄን ጽሑፍ ለዚያ መሥሪያ ቤት የሚያደርስልኝ አለ?

ፒያሳ_ልጅ፦
ይሄ ሁሉ በፎርሚክም ይሠራል። ፊልድአሬይም አለው።

ሰሚኮለን፦
ፎርሚክ ቢሞት ተዝካሩን የምታወጣው አንተ ነህ።

ኮደሯ፦
ማታ ኮዲንግ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ! አንድ ነገር ልጨምር፣ የልደት ቀኑን የሚሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። እሱን እንዴት ላድርገው?

ማታ_ኮዲንግ፦
የብሮውዘሩ ዴት ኢንፑት የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስት ሳጥን አድርጊ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወሩ 13 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ትሆናለች። በ2015 ሞክሪው፣ ጳጉሜን 6 ነበራት። ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪ 8 ጨምሮ ማለፍ አያዋጣም፤ ከመስከረም አንስቶ የፈረንጅ አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ 7 ነው።

ጎተራ፦
እኔ ጳጉሜን 3 ነው የተወለድኩት። የወር ዝርዝሩ ነሐሴ ላይ የሚያልቅ ፎርም ሲገጥመኝ ነሐሴ 30 ብዬ እሞላለሁ፣ ልደቴን አንዳንዴ ራሴም እረሳዋለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ጳጉሜን ያልከው እሺ፣ እዚህ የግማሹ አበሻ ልደት ጃንዋሪ 1 ነው።

ሁለት_ፊደል፦
ኮደሯ ታዲያ የቱን መረጥሽ?

ፒያሳ_ልጅ፦
ፎርሚክ ነው የምትመርጠው፣ ታዩታላችሁ።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ከርዕሱ ውጭ ነው፣ ያ ብድር የሚሰጠው ተቋም ወለዱ ስንት ነው? ዋስስ የግድ ነው?