ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ግሩፖቻችሁን (የቴሌግራም፣ የዋትሳፕ፣ የኢሜይል ውይይቶችን) ማስገባት ለምትፈልጉ

ሰሞኑን "ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ግሩፖቼን ማን ጋ ወስጄ ላስጭን፣ ኔትወርክስ የቱ ይሻላል" ብላ ለጠየቀችው እህታችን፣ ከስርም "እኔም" "እኔም" ላላችሁት፣ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ ብዬ አንዴ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን የዘመዱን ላፕቶፕ ሁሉ ሳስተካክል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ አጎቴ (ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነው ያለፈው) ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው "አንት ልጅ፣ የግዕዝ ሰዎች የሚወያዩበት ቦታ አስገባኝ" ሲሉኝ ነው ነገሩን በደንብ ያወኩት።

ማን ጋ ይጫን ለሚለው፣ ሱቅ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ካስጫናችሁም አጠገቡ ቁጭ በሉ። ጋሼ (አጎቴን እንዲህ ነው ምጠራቸው) የገዙበት ሱቅ (ስሙን አልጠራም፣ ፒያሳ አካባቢ ነው ልበል) ልጁ "ሁሉንም ጭኜ ነው ምሰጥዎት አባባ" ብሎ ቴሌግራሙን፣ ኦፊሱን፣ ያላዘዙትን ፊልም ሳይቀር ሞልቶ ሰጣቸው። ስድስት ሳምንት ገደማ ሰላም ሆኖ ሠራ። አንድ ጠዋት ሲከፍቱት ሰማያዊ ገጽ መጣና 48 አሃዝ ቁጥር አስገባ አላቸው። ቢትሎከር ሚሉት ነው፣ ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን በራሱ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ደሞ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በተገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። አካውንቱ የማን ነው? የልጁ! በዛ በአንድ ኢሜይል ስንት የሰው ላፕቶፕ እንደከፈተ እሱ ይወቅ። ሱቁ ስንሄድ ሥራ ለቆ ባህር ዳር ገብቷል ተባልን። ሁለት ቀን ስልክ አሳደን አገኘነው፣ እሱ እያነበበ ጋሼ በእስክሪብቶ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ፣ እኔ ደሞ ጎናቸው ቆሜ በግዕዝ ቁጥር እንዳይጽፉት እየፈራሁ፣ በሦስተኛው ሙከራ ተከፈተ።

ስለዚ ጥቆማዬ፦ ሰፈራችሁ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ። ኮምፒውተር ነክ ነገር ሚማር ልጅ ከሆነ እቤታችሁ መጥቶ፣ በናንተ ኢሜይል፣ በናንተ ስልክ ቁጥር፣ እያያችሁት ይጭናል፣ ዋጋውም ከሱቅ አይበልጥም (ቁጥር አልጽፍም፣ ሳምንት ቆይቶ ይቀየርና ትሰድቡኛላችሁ)። ፓስወርዱን እራሳችሁ ጻፉ፣ ለልጁም ቢሆን አትንገሩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ምትገዙ ደሞ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች እንዳይሆን ጠይቁ፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፣ ከ8ኛ በታች ያለው ደሞ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበልም። ገዝታችሁ ከሆነም አትደንግጡ፣ ሊነክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ ሚጫን ነጻ ሲስተም ነው) ጫኑበት፣ ለግሩፕና ለኢሜይል ይበቃል፣ የኔ አሮጌው በሱ ነው ሚሄደው።

ኔትወርክ። እዚህ ላይ ጠብ አልፈልግም። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ከተማችን ውስጥ አሉ፣ የቱ ይሻላል ስትሉ ግን መልሱ ሰፈራችሁ ነው፣ አዘዞ ያለ ሰውና ቀሃ ወንዝ አካባቢ ያለ ሰው አንድ አይነት መልስ አይሰጧችሁም፣ ሀገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እኔ ያረኩት ሁለቱንም ሲም አንድ ስልክ ላይ ከትቼ፣ ላፕቶፑ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ማለትም ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን በሚጎረጉርበት ሰዓት፣ ሦስት ቀን ሞከርኩ። ሱቅ በር ላይ ቆሞ "ኧረ ፈጣን ነው" ማለት ዋጋ የለውም። የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ በመስኮቱ ጥግና በጓዳው መሀል ያለው ልዩነት ብቻ በሁለቱ ኩባንያዎች መሀል ካለው ይበልጣል። የኔ ቤት ያሸነፈውን አልናገርም፣ ለናንተ አይጠቅምማ።

አቅም ያለው ሰው መስመር (ፊክስድ ዋይፋይ) ያስገባ። ምክንያቱን ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ መስመር ያለበት ቦታ ፈልገን ደጃፍ ደጃፉን ስንቆም ነው የከረምነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ፣ ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ ኢንተርኔት የለም ማለት ነው፣ ለዛ ለራውተር ሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሚያቆይ ባትሪ) አለ ወይ ደሞ ስልክ ላይ ትንሽ ጥቅል ይዞ መጠበቅ።

በስልክ ሆትስፖት ምትጠቀሙ፣ ይቺን ሳታረጉ ምንም አትንኩ፦ ላፕቶፑ ላይ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ስም ነክታችሁ "ሚተርድ ኮኔክሽን" ሚለውን አብሩት። ካላበራችሁት ዊንዶውስ ከጀርባ አፕዴት ሲያወርድ የወር ጥቅል በአንድ ማታ ይበላል፣ በተለይ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ያገለገለ ላፕቶፕ መጀመሪያ ሲከፈት ብዙ ጊጋ ነው ሚፈልገው። አፕዴቱን ግን ጭራሽ አትተዉት፣ በወር አንዴ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ወይ ካፌ ሄዶ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነው። እኔ ጋሼን ይዤ ሄጄ አስተናጋጁ ሦስቴ "ሌላ ምን ልጨምር" አለን።

አሁን ወደ ኪቦርዱ፣ ሰው ሚዘነጋው ይሄን ነው። ግሩፕ ገብቶ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ መጻፍ ለኔና ላንተ ይሆናል፣ ለጋሼ አይሆንም። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን አማርኛ ከላንጉዌጅ ሴቲንግ ጨመርኩላቸው፣ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ቁልፉንና ስፔስን አንድ ላይ ስትጫኑ ይቀያየራል። ጻፉ፣ ጻፉና ቀና ብለው "አንት ልጅ፣ ይኸ ማሽን ንጉሡን ሠ የት አደረሰው?" አሉኝ። እኔ እሳቱ ሰ አይበቃም ወይ ልል ስል አይናቸውን አይቼ ዝም አልኩ። ፈልጌም ላሳያቸው ጀመርኩ፣ የፊደሉ አቀማመጥ ግን አልገባላቸው አለ። ከዛ ኪይማን ሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም አወረድኩ፣ እሱም ነጻ ነው፣ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። እዛ ላይ ኤስን አንዴ ከመታችሁ እሳቱ ስ፣ ሁለቴ ከመታችሁ ንጉሡ ሥ ይመጣል፣ ካፒታሉ ኤስ አንዴ ጸሎቱ ጽ፣ ሁለቴ ፀሐዩ ፅ፣ ኤችም ሁለቴ ሲመታ ብዙኃኑ ኅ ነው። ጋሼ ይሄን ሲያዩ ወንበራቸውን ሳቡ፣ ከዛ በኋላ እራት ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሱም። ለፈጣን ነገር ብሮውዘር ላይ ሚሠራው የጉግል ኢንፑት ቱልስም አለ፣ ግን ቃሉን እራሱ ስለሚገምት ጋሼን ያናድዳቸዋል።

አሮጌውን የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝን ከፍላሽ ጭናችሁ ግሩፕ ላይ ለመለጠፍ እንዳትሞክሩ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ ሚጋራው የፊደል ኮድ) ያልሆነው ፎንት እናንተ ጋ አማርኛ ይመስላል፣ ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ጋ ሲደርስ የተበተነ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ይሄው እስካሁን በድሮው ሚጽፍ መሥሪያ ቤት አለ።

ግሩፖቹ እራሳቸው እንግዲህ። ቴሌግራም ለኛ ሀገር አንደኛ ነው፣ ሰዉ እዛ ነው ያለው። ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ስልክ ቁጥር አትጻፉ፣ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ሊንክ ዴስክቶፕ ብላችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በካሜራ ማሳየት ነው፣ ኮድ በቴክስት መጠበቅ ቀረ። ከገባችሁ በኋላ አድቫንስድ ውስጥ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ ሚለውን ለግሩፕም ለቻናልም አጥፉት። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ ሁሉም "እንደምን አደራችሁ" ሚል የአበባ ፎቶ ሲልክ ጥቅላችሁ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሌላው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው፣ በቴክስት ከሚመጣው ኮድ ሌላ የራሳችሁን ፓስወርድ መጨመር ማለት ነው፣ አብሩት። አካውንቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ሲም ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ አዲሱ ባለቤት ኮዱን ተቀብሎ በናንተ ስም እንዳይገባ ሚከለክለው ያ ፓስወርድ ነው።

ዋትሳፕ ለቤተሰብ። ግሩፑ 1,024 ሰው ነው ጣሪያው፣ ከስልኩ ሌላ አራት መሣሪያ ድረስ ያገናኛል፣ ስልኩ ለ14 ቀን ካልተከፈተ ግን ላፕቶፑን ያስወጣዋል። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ካላችሁ የግድ ነው፣ ከዛ ውጭ ለውይይት አልወደውም።

እኔ ከሁሉም በላይ ምጠቁመው ሰው ሚንቀውን ነው፣ በኢሜይል ሚሄዱትን የውይይት ቡድኖች። ተንደርበርድ ሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫኑ፣ ጂሜይላችሁን አስገቡ፣ ከዛ ጉግል ግሩፕስ ላይ ያሉ የሙያ ቡድኖችን ተቀላቀሉ፣ መልእክቱ በየደቂቃው እንዳያሰለቻችሁ "ዳይጀስት" ሚለውን ብትመርጡ እስከ 25 መልእክት ጠቅልሎ በአንድ ኢሜይል ይልካል። ጥቅሙ ምንድነው፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ፋይል፣ ኦፍላይን፣ ዳውንሎድ ብላችሁ ሁሉንም ታወርዱና መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ታነባላችሁ፣ መልስም ትጽፋላችሁ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ይሄን ሞክሩት እስቲ፣ ያልከፈታችሁት ነገር ሁሉ ሲሽከረከር ይውላል።

እዛው ተንደርበርድ ውስጥ ደሞ የድሮው ዩዝኔት (በርዕስ በርዕስ የተከፋፈለ፣ "ኒውስግሩፕ" በሚባሉ ቡድኖች ሚካሄድ የጽሑፍ ውይይት መረብ) አለ፣ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መሀል የተጀመረ፣ ከድረገጽም ከፌስቡክም በፊት የነበረ። ጉግል በየካቲት 2024 እንደ ፈረንጆቹ ከሱ ወጥቷል፣ ስለዚ ጉግል ግሩፕስ ላይ አዲስ ነገር አትፈልጉት፣ ኢተርናል ሴፕተምበር ሚባል ነጻ ሰርቨር ላይ ትመዘገቡና አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ "ኒውስግሩፕ አካውንት" ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ፖርቱ በኤስኤስኤል (በተመሰጠረው ግንኙነት) 563 ነው። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጥቅል አይነካም ማለት ይቻላል። ጋሼ ሳይ ዶት ላንግ (sci.lang) ሚባለውን የቋንቋ ቡድን ያነባሉ፣ ጭር ያለ ነው፣ "እንደ ገዳም ነው" ይሉታል፣ ምስጋና ነው በሳቸው ቋንቋ።

ጭማሪ፦ ስር ለጠየቃችሁት።

"ኢንተርኔት ቤት ምን ችግር አለው" ላልከው ወንድሜ፣ ችግር የለውም፣ ስትወጣ ግን ብሮውዘሩን መዝጋት መውጣት አይደለም። ስልክህ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብተህ ማታውቀውን ሁሉ አስወጣ። እኔ አንዴ ሳይ ከአራት ወር በፊት የገባሁበት ኢንተርኔት ቤት እስካሁን አካውንቴ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ዲስኮርድ (ሌላው የውይይት መተግበሪያ) ለምን አላነሳህም ላልሽው እህቴ፣ ለጌምና ለፕሮግራሚንግ ልጆች ጥሩ ነው፣ በሆትስፖት ግን ይከብዳል።

ማራኪ አካባቢ ልጅ ጠቁመኝ ያላችሁኝ ሰዎች፣ ስም እዚህ አልለጥፍም፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ተማሪ ያላከራየ ግቢ ያለ አይመስለኝም።

"ጋሼስ ግሩፑን ገቡ ወይ" ላላችሁት ሁሉ፣ ገብተዋል። የመጀመሪያ መልእክታቸው ሰላምታ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ የግሩፑ ማስታወቂያ ላይ ያለውን "ፀሎት" ወደ "ጸሎት" አርሙ ሚል ሆነ፣ ከነምክንያቱ፣ አንድ ገጽ ተኩል። አድሚኑ ለአንድ ቀን ሙዩት አረጓቸው፣ እንዳይጽፉ ማለት ነው። በማግስቱ ግን ማስታወቂያው ታርሟል።