የባቄላ ባዮ ማዳበሪያ ለስንዴና ለጥቅል ጎመን ይሆናል?

ጥያቄ (ከመናገሻ)
ጤና ይስጥልኝ። ለባቄላ ዘር የሚቀባው፣ ባክቴሪያ ያለበት ባዮ ማዳበሪያ ጥቂት ከረጢት ተርፏል። ስንዴ በመስመር ልዘራ ነው፣ የጥቅል ጎመን ችግኝም ደርሷል፤ አፈሩ ቀይ ነው። ለነሱ ብቀባው ባክቴሪያው ሥር ላይ ይቀመጣል? እንደ ባቄላ ሥር እባጭ ካልሠራስ የት ይኖራል? ዩሪያ ልቀንስ?

መልስ 1
እባጭ አይጠብቁ። ባቄላ ከሥሩ በሚያወጣው ንጥረ ነገር ራይዞቢየም የሚባለውን የራሱን ባክቴሪያ ይጠራል፤ ባክቴሪያውም መልስ ሲሰጥ የሥሩ ፀጉር ተጠቅልሎ ያስገባዋል። ስንዴና ጎመን ይህን በር አይከፍቱም።

መቀመጥ ግን ይቀመጣል። ግብፅ ውስጥ በናይል ደልታ ሩዝና በርሲም የሚባል የመኖ ተክል በሚፈራረቁበት ማሳ፣ የበርሲሙ ራይዞቢየም በሩዝ ሥር ውስጥ ተገኝቷል። የሚገባው ጎን ሥር ቆዳውን ሰንጥቆ በሚወጣበት ስንጥቅ ነው።

ለእህል ዘር ይበልጥ የሚስማማው ግን አዞስፒሪለም የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ሥሩ የሚያፈሰውን ስኳርና አሲድ ተከትሎ በጭራው እየዋኘ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ላላ ብሎ ይለጠፋል፤ በዚህ ጊዜ ውሃ ሊያጥበው ይችላል። ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ የራሱን ሙጫ አውጥቶ መጣበቅ ይጀምራል። በብዛት የሚሰፍረው ሥሩ በሚረዝምበትና ፀጉር በሚያበቅልበት ክፍል ነው።

የ3 ሳምንት ስንዴ በአካፋ አውጥተው ቀስ ብለው ያራግፉት። አፈሩ እንደ እጅጌ ሥሩን ለብሶ ይቀራል፤ ጫፉ ብቻ ነጭ ራቁት ነው። ሥሩን ሲያስቡ ያንን እጅጌ ያስቡ፣ ሠፈሩ እሱ ነው።

መልስ 2
አሠራሩን ልጨምር። ለእህል የተዘጋጀ ካገኙ፣ ለ10 ኪሎ የስንዴ ዘር ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ በቂ ነው፤ በየ100 ሚሊ ሊትሩ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይሟሟበት። መጀመሪያ ዘሩን በስኳር ውሃው ያርጥቡት፣ ከዚያ ባዮ ማዳበሪያውን ከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን ነስንሰው እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ ያገላብጡ። ጥላ ውስጥ ይሥሩት፤ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ይዝሩትና ወዲያው አፈር ያልብሱት። ደረቅ ፈር ውስጥ ከወደቀ ሥሩ ሳይወጣ ባክቴሪያው ያልቃል።

ለጎመን የችግኙን ሥር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መንከር ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን በክፍት ባልዲ አንድ ቀን አሳድሩት።

የከፈቱት ከረጢት ከሰነበተ ይጣሉት። ደግሞ የተቀባውን ዘር ከኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቅሉ፤ ጨውና አሲዱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። የስንዴው ዘር ግን ቀይ ነው፣ የፈንገስ መድኃኒት ተቀብቶ የመጣ።

መልስ 2
እንግዲያው ዘሩ ላይ አይቀቡት። ከተብላላ ብስባሽ ጋር አደባልቀው ከዘሩ በታች በፈሩ ውስጥ ይበትኑት፤ ከመድኃኒቱ የሚርቀው እንዲህ ነው።

መልስ 3
ስለ ዩሪያ በግልጽ እንነጋገር፤ በዚህ ተታሎ ምርቱን የሚያጣ ገበሬ እንዳይኖር። ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው የባክቴሪያው ኢንዛይም በኦክስጅን ይበላሻል። የባቄላ እባጭ ከኦክስጅን ይከልለዋል፣ የስንዴ ሥር ግን እንዲህ ያለ መጠለያ የለውም። ስለዚህ ስንዴው ከዚህ የሚያገኘው ናይትሮጅን ትንሽ ነው። የአዞስፒሪለም ዋና ጥቅም ሌላ ነው፦ ኦክሲን የሚባል የእድገት ሆርሞን ያመነጫል፣ ጎን ሥርና የሥር ፀጉር ይበዛል፣ ተክሉም ውሃና ፎስፈረስ ከሰፊ ቦታ ይለቅማል። በመጀመሪያው ዓመት ዩሪያውን አይንኩ።

የመናገሻ ቀይ አፈር አሲዳማ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ያስመርምሩ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ አሉሚኒየም ሥሩን ያሳጥረዋል፤ ሥር ከሌለ ባክቴሪያው የሚሰፍርበት የለም። ያኔ የምርመራው ውጤት የሚለውን ያህል የእርሻ ኖራ ከመዝራት በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይቀድማል። እንደ አቃቂ ባለ መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ችግሩ የተኛ ውሃ ነው፣ ቦይ ያስፈልጋል።

መሥራቱን ለማወቅ ያልተቀባ 4 መስመር ይተዉ። ያንን አስቀድመው ይዝሩ፤ የተቀባውን በነካ እጅና ጆንያ ከተዘራ ማወዳደሪያው ይበከላል።