የቡናውን ትዕይንት ሳላደርቀው እንዴት ላሳጥረው?

ደሴ ሆኜ የምጽፈው የፊልም ድርሰት በሐይቅ አካባቢ በመሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ አባጋሮች (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ቡና ላይ ሲቀመጡ ይጀምራል። ለመማር ካነበብኳቸው የተመሰገኑ ድርሰቶች መካከል ሮበርት ታውን የጻፈው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው «ቻይናታውን» ይበልጥ አስደንቆኛል፤ አንድ ደንበኛ ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ስትማግጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እያየ ሲያቃስት ይከፈታል፣ ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ።

በዚያው መንገድ ሰላምታውን፣ ዱዓውንና ምርቃቱን ቆርጬ፣ በረካው ሲቀዳ ታላቅየው ሲኒውን አልቀበልም ከሚልበት ብጀምረው፣ ስድስት ገጽ የነበረው ትዕይንት ወደ ሁለት ወረደ። ሆኖም ጓደኞቼ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሽማግሌዎቹ ቃል የሚቀበሉ መርማሪዎች መሰሉ፤ እውነትም የወሎ ሽማግሌ እንዲያ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። የቆረጥኩትን ስመልሰው ደግሞ፣ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነውና፣ ተመልካቹ ጸቡ ሳይነሳ አራት ደቂቃ ያህል ሊጠብቅ ነው። ዱዓውን «ሽማግሌው ያደርጋሉ» ብዬ በአንድ መስመር ባልፈውም ተዋናዩ የሚለው ቃል አጣ።

ታዲያ ዱዓውና ምርቃቱ ራሳቸው የወንድማማቾቹን ቂም እንዲያወጡ አድርጌ ትዕይንቱን በሦስት ገጽ ለመጨረስ፣ ከሽማግሌዎቹ ንግግር የትኛውን ልተው፣ የትኛውን ላስቀር?