«ዝንብ» የሚለው ክፍል ለምን አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ተቀረጸ?

የሳቢያኗ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? «ብሬኪንግ ባድ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከወንድሜ ጋር ከመጀመሪያው እያየን ነው። ትናንት ማታ ምዕራፍ 3 ክፍል 10 ደረስን፤ «ዝንብ» የሚለው። ሁለቱ ዕፅ ሠሪዎች፣ ዋልተርና ጄሲ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ዝንብ ሲያሳድዱ ክፍሉ አለቀ! ወንድሜ «እለፊያት» ብሎኝ ተኛ። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንዲህ ሠሩት? ስለ ቀረጻው የምታውቁ ንገሩኝ።

የከዚራው ካሜራማን፦
አቦ፣ ወንድምሽን ቀስቅሺው! ነገሩ የገንዘብ ነው። የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን ራሱ ተናግሮታል፤ ከበጀት በላይ አውጥተው ነበር። ቀረጻው አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ነው። ቡድኑ ቦታ በቀየረ ቁጥር መብራቱ፣ ገመዱ፣ ልብሱ ሁሉ በከባድ መኪና ይጫናል። ያን ወጪ ለማስቀረት ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራው ላቦራቶሪ ተዘጉ። በሙያው «ቦትል ኤፒሶድ» ይሉታል።

እኔ የምቀርጸው ሰርግና ምርቃት ነው። አንዴ ግን ከጓደኞቼ ጋር አጭር ድራማ ጀመርን። ጠዋት ከዚራ፣ ከሰዓት መጋላ። ደቻቱን መሻገር ምን አላት ብለን ነበር። መብራት ማውረድ፣ ገመድ መጠቅለል፣ ሁለት ባጃጅ መጫን፣ እዚያ እንደገና መትከል። ካሜራው ሲከፈት ፀሐይዋ ሄዳለች። በማግስቱ የቀረውን ታሪክ በሙሉ ከዚራው ሳሎን አስገባነው። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ድምፅ ሲቀረጽ ደግሞ ቬንትሌተር ይጠፋል፤ ማይኩ ይስበዋል። ልጁ እናቱን የሚዋሽበት ቦታ ነበር። ላቡ ከቅንድቡ ወርዶ ከንፈሩ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገውም። ቃሉ ይዋሻል፣ ላቡ ያሳብቅበታል። ከጻፍነው ሁሉ ያ በለጠ።

ያን ክፍል የምወደው ለዚህ ነው። መሄጃ ሲጠፋ ካሜራው ሰው ፊት ላይ ይቆያል። ጄሲ መሰላሉ ላይ ቆሟል፤ ዋልተር ከሥር መሰላሉን ይዞ፣ የእንቅልፍ መድኃኒቱ እየጣለው፣ ስለ ጄሲ ፍቅረኛ ስለ ጄን ሞት ሊያመልጠው ሲል ትንፋሼን ነው የያዝኩት።

ከጀጎል፦
ካሜራማኑ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላርም። ሁሉም ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም። መጨረሻ ላይ ዋልተር አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ጣሪያው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ዝንብ ስትሸፍናት ያያል።

ዳይሬክተሩ ራያን ጆንሰን ነው። በዚህ ድራማ የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2010። በ2013 የወጣውን «ኦዚማንዲያስ»ንም እሱ ነው የሠራው። ገና ስላልደረሳችሁ ታሪኩን አልነግርሽም። ግን እዚያ የዋልተር ሕፃን ልጅ «ማማ» ስትል ልብ በይ፤ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም። እውነተኛ እናቷ ከካሜራው ወዲያ ሆና አይታት ነው። ዋልተርን የሚጫወተው ብራያን ክራንስተን ቀረጻውን አላቋረጠም፤ የመጣለትን ይዞ ቀጠለ። ያን ሳይ አልቅሻለሁ።

የሳቢያኗ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ እንደገና ከፈትኩት፤ ወንድሜም አብሮኝ አየ። መጀመሪያ ላይ ዝንቧ በቅርብ ስትታይ የሚሰማው እሹሩሩ የዋልተር ሚስት ድምፅ ነው ለካ። ትናንት ልብ አላልኩትም። ኋላ ዋልተር ያንኑ ሌሊት ያነሳል፤ ሚስቱ ለልጃቸው ስታንጎራጉር የሰማበትን፣ ያኔ ብሞት ጥሩ ነበር የሚለውን። ወንድሜ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ወደ መጀመሪያው መለሰው።