ቴማስካል ከመግባቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ ውስጥ ባለ አንድ የጤና ማረፊያ የሦስት ቀን ፕሮግራም ልመዘገብ ነው። ዋናው ነገር ቴማስካል የሚሉት የነባር ሕዝቦች የእንፋሎት ቤት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ቦታው ጠንቃቃ መሆኑን ሳልከፍል በምን ልወቅ?

ምላሽ 1፦ ከቦታው በፊት መድኃኒቱን ይዩ። ሽንት የሚያበዛ ዓይነት (ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ከሆነ፣ ላብ ሲጨመርበት ውሃና ጨው ያሟጥጣል። አቴኖሎልና መሰሎቹ ደግሞ ልብ ሙቀቱን ለመቋቋም ምቷን እንዳታፈጥን ይይዟታል። በሁለቱም ብድግ ሲሉ ራስ ያዞራል፤ ሰው የሚወድቀውም ሲወጣ ነው። ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በራስዎ ግን መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ሲመዘገቡ ስለ መድኃኒት፣ ስለ እርግዝናና ስለ ልብ ሕመም ካልጠየቁዎት ይተዉት።

ምላሽ 2፦ እንፋሎቱ የሚወጣው በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የሚፈለገው፤ ከወንዝ የተለቀመ ውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ሲግል ይፈነዳል። ድንጋዩ በተለመደው አሠራር ውጭ ይግልና ፍሙ ተራግፎለት ይገባል። ፍም አብሮ ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል፣ ሽታም የለውም። ማገዶው ቀለም የተቀባ ወይም ኬሚካል የተነከረ እንጨት መሆን የለበትም። ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ አራት ዙር ነው፤ በየዙሩ መሃል በሩ ይከፈታል። ይህን ቸል የሚል መሪ ሥርዓቱን አያውቀውም ማለት ነው፤ አየሩ የሚታደሰውም፣ የተሳታፊው ፊት በብርሃን የሚታየውም ያኔ ነው።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም አይቀመስም ይላሉ።

ምላሽ 3፦ እንግዲያው አይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሪዞና ውስጥ ሴዶና አጠገብ፣ የላብ ቤት በሚባለው፣ ቴማስካልን በሚመስለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥርዓት ስም በተዘጋጀ ፕሮግራም 3 ሰዎች ሞተዋል። ከ50 በላይ ሰው አንድ ድንኳን ውስጥ ታጉሮ ነበር፤ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ያለ ምግብና ውሃ በረሃ አድረዋል። አዘጋጁ በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። ከእነዚህ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ላኮታዎች ሥርዓታቸው እንዲህ መቸርቸሩን ገና በ1993 በይፋ አውግዘው ነበር።

ከመግባትዎ ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ። ውሃ ቀስ እያሉ ይጠጡ፤ ሲወጡ ጨው ያለበት ሾርባ ይጨምሩ፣ ባዶ ውሃ ብቻ በብዛት መጋት የደምን ሶዲየም ያወርዳል። «በዙር መሃል መውጣት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ «ታገሥ፣ ያልፋል» ከሆነ ገንዘብዎን አይክፈሉ። አጠገብዎ ያለ ሰው ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ከተንገዳገደ፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ወዲያው ይውጣ። መኪና እስኪመጣ ሳይጠበቅ መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ ያራግቡለት፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት።